የቤንዚን ክዳንና የወንድሜ እጅ

ቁጡ ነኝ። ይህን የምለው ልኮራበትም ላዝንበትም ብዬ አይደለም፤ ሰው ቁመቱን ሲጠይቁት እንደሚናገረው ነው። አባቴም ቁጡ ነበር፤ የእሱም አባት እንደዚያው ነበሩ ይባላል። ልዩነታችን አባቴ ሲቆጣ ይመታ ነበር። እኔ ግን እስከ ሃምሳ ዓመቴ ድረስ ስቆጣ የሚይዘኝ ሰው አጥቼ አላውቅም። የታናሽ ወንድሜን እጅ እስከሰበርኩበት ቅዳሜ ድረስ ማለቴ ነው።

የተወለድነው እሪ በከንቱ ነው። እዚያ ቤት ከቤት፣ ጣሪያ ከጣሪያ የተጋጠመ ስለሆነ፣ የተሰነዘረ ጥፊ ጉንጭ ላይ ሳያርፍ ገላጋይ ይደርሳል። ጠብ ደንብ ነበረው። መጀመሪያ ትሳደባለህ። ከዚያ ጃኬትህን ታወልቃለህ፤ የምታወልቀውም ቀስ ብለህ ነው፤ ሰዎች ከየቤታቸው እንዲወጡ ጊዜ መስጠት አለብህ። ሁለት ሰዎች በብብትህ ሥር ገብተው ሲይዙህ ትወራጫለህ፤ «ልቀቁኝ፣ ልግደለውና ልታሰር» ትላለህ። ካልተወራጨህ ፈሪ ነህ። አጉል ተወራጭተህ ካመለጥካቸው ደግሞ ባለጌ ነህ፤ ሰው ያከበረህን አላከበርክም። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ «በሉ በመሐላችሁ ሰይጣን አይግባ» ይላሉ፣ ትሳሳማላችሁ፣ ሲመሽ አንድ ጠላ ቤት ትገናኛላችሁ። ያዙኝ ልቀቁኝ የሚሉት ይኸው ነው። ሰው ለማሾፍ ያወራዋል እንጂ በእኛ ሰፈር ብዙ ነፍስ ያተረፈ ነገር ነው።

እኔ በዚህ የተካንኩ ነበርኩ። በሃያዎቹ ዕድሜዬ ውቤ በረሃ አንድ ቡና ቤት ውስጥ የቢራ ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ ሰብሬ አንድ ሰው ጉሮሮ ላይ ልደግን ስነሣ፣ ጠርሙሱን ስሰብር ራሴን ቆርጬ ስለነበር ደሜ በእጅጌዬ እየወረደ ነበር፤ አራት ሰው ተረባርቦ አወጣኝ። በሌላ ጊዜ ደግሞ የታክሲዬ ተሳፋሪ ሒሳብ አልከፍልም ብሎኝ ግንባሩን በግንባሬ ልለው ስል ትራፊክ ፖሊሱ ራሱ ነው የያዘኝ። ሰው ስለ እኔ ሲያወራ «ልቡ ቅን ነው፤ ቁጣው ግን ያዢ ይፈልጋል» ይል ነበር። እኔም ይህን እንደ ምስጋና እቀበለው ነበር።

ታናሽ ወንድሜ በሁለት ዓመት ያንሰኛል። የአባታችን ቁጣ ለእኔ ሲደርስ ለእሱ የደረሰው የእናታችን ዝምታ ነው። ከአሥራ አምስት ዓመቱ ጀምሮ ፒያሳ ወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ባለች ጠባብ ጓዳ ውስጥ አጎንብሶ ሲሠራ ኖረ። ወርቁን እየሳበ ፀጉር እስኪመስል ያቀጥንና ከዚያ ክር ጉትቻና መስቀል ይሠራል። ወርቅ ቤቶቹ የነበሩበት ሕንፃ ፈርሶ ሲበተኑ የእሱም ጓዳ አብራ ሄደች። ሰባት ወር ሥራ ፈትቶ ቤት ዋለ። ሚስቱ ትሠራለች፤ እሱ ልጆች ያመላልሳል። በመጨረሻ አዲስ ወርቅ ቤት የከፈቱ አንድ ሰው «ሰኞ ጠዋት መሣሪያህን ይዘህ ና፤ እጅህን ልየው» አሉት። ከእሱ ሌላ ሁለት ሠራተኞችም ተጠርተዋል፤ የሚቀጠረው አንድ ነው።

ያን ሳምንት ከረቡዕ ጀምሮ ባልዲ አላነሣም፤ ሽንኩርት አልከተፈም። ማታ ማታ ጣቶቹን ቅባት ቀብቶ ያሻል። ሚስቱ «እንደ ሙሽራ እጁን ያሽሞነሙንልኛል» እያለች ትስቅበት ነበር። እኔም ስቄበታለሁ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ከሰኞ በኋላ ሌላ የሚጠራው ሰው እንደሌለ ያውቅ ነበር።

አሁን ወደ ክዳኑ ልምጣ። እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ፤ ሰማያዊዋ መኪናዬ አብራኝ ያረጀች ናት። ባለፈው ክረምት ቤንዚን ሲጠፋ፣ ሌቦች የቆመ መኪና እያዩ ቱቦ ከተው እየመጠጡ ይወስዱ ጀመር። እኔን ሁለት ጊዜ ቀዱኝ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት የሰፈሩን ዘበኛ የኮታቸውን አንገት ይዤ አጥር ላይ አጣበቅኋቸው። አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ቆባቸው ወድቆ ጭቃ ውስጥ ገባ፤ «ልጄ፣ እኔ ምን አደረግሁ?» ይሉ ነበር። ጎረቤቶች መጥተው ያዙኝ። በኋላ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅሁና ቁልፍ ያለው የቤንዚን ክዳን ገዝቼ አስገጠምኩ።

ክዳኑ ርካሽ ነበር፤ ቁልፉም ስስ። ዝናብና አቧራ ሲፈራረቁበት መንገራገር ጀመረ። ወንድሜ አንድ ቀን አብሮኝ ሳለ ስከፍተው አየና «ይሄ ዘይት ይፈልጋል፤ እንዲህ በጉልበት አታዙረው» አለኝ። እሺ አልኩት። ዛሬ ነገ እያልኩ ሳላደርገው ቀረሁ።

ወንድሜ ለሰኞ በሚዘጋጅበት በዚያው ሳምንት ቤንዚን ሦስት ቀን ሙሉ ጠፋ። ዓርብ ከሰዓት ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለው ማደያ ይመጣል ተባለና ተሰለፍን። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሰልፉ ዳገቱን ወጥቶ ታጥፎ ነበር፤ እኔ ከፊት ሰባተኛ ነኝ። ቦቴው ገብቶ እየገለበጠ ስለነበር ሰው ሁሉ ከመኪናው ወርዶ ይጠብቃል። ማደያዋ ጠባብ ናት። ተራህ ሲደርስ ክዳንህ ተከፍቶ መጠበቅ አለበት፤ ቀጂዎቹ እስክትከፍት ቆመው አይጠብቁህም። በጀሪካን አይቀዱልህም። ስለዚህ እኔም እንደ ሰው ክዳኔን ልከፍት ወደ ኋላ ሄድኩ።

ቁልፉ ገባ፤ አልዞር አለ። አውጥቼ በሱሪዬ ጠርጌ መለስኩት። አልዞረም። በዚህ ጊዜ ጤነኛ ሰው ከጎረቤቱ ትንሽ ዘይት ይለምናል። እኔ ክዳኑን በቡጢ መታሁት። ከዚያ ቁልፉን በፒንሳ ቆንጥጬ ባለ በሌለ ኃይሌ ስጠመዝዘው ትንሽ ዞረና ቀጭ አለ። ግማሹ ፒንሳዬ ላይ ቀረ፤ ግማሹ ውስጥ ነው። መኪናዋን በእርግጫ ስላት የኋላ በሯ ጎደጎደ። ካቻቢቴ አምጥቼ ክዳኑን በጠርዙ ልፈነቅለው ስል አመለጠኝና መዳፌን ወጋኝ። ደሜን ሳይ ይብስ ነደድኩ። መኪናዋን፣ ክዳኑን የሸጠልኝን ሰው፣ ቤንዚን የሚሰርቁትን፣ ቤንዚን የሚያስጠፉትን ሁሉ በየተራ ሰደብኩ። ሰልፉ ላይ ያሉት ሰዎች ወሬያቸውን አቁመው ያዩኝ ጀመር።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

«የት ነህ?»

«ቤት። ለሰኞ እየተለማመድኩ ነው።»

«የክዳኑ ቁልፍ ውስጡ ተሰብሮ ቀረብኝ። መሣሪያህን ይዘህ ቶሎ ና።»

«በጉልበት አዞርከው፣ አይደል?»

«ና አልኩህ።»

ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ብዙ አልቆየም፤ መሣሪያውን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። መጀመሪያ ያየው ክዳኑን ሳይሆን እጄን ነው። «ደማህ እኮ» አለኝ። «ተወው፣ እሱን ክፈት» አልኩት። ጨርቁን አስፋልቱ ላይ ዘርግቶ ተንበረከከ፣ ጣቶቹ ላይ የቀረውን ቅባት ጠራረገ፣ ከዚያ አንድ ጠብታ ዘይት በቀጭን ሽቦ ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ ጠብ አደረገ። ያ ያልጨመርኩት ዘይት ነው።

«አሁን አትንካኝ፣ አታጣድፈኝ። ብርሃኑንም አትከልክለኝ» አለ። ሹል ጫፍ ያለው ወረንጦውን አወጣና ዓይኑን ወደ ቀዳዳው አስጠጋ። እንዲህ ሲሠራ ትንፋሹም አይሰማም። ፈቀቅ ብዬ ቆምኩ።

ከኋላዬ ነጭ ፒካፕ የያዘ ሰው ነበር። ወፍራም፣ ረጋ ያለ፣ ከእኔ በብዙ የሚያንስ። ወደ እኔ መጥቶ «ጋሼ፣ የሚከፈት ካልሆነ ወደ ዳር ያውጧትና እኛ እንለፍ» አለኝ። በአክብሮት ነው የጠየቀኝ፤ ጥያቄውም ትክክል ነበር። ግን ከዓርብ ጀምሮ ተሰልፎ ላደረ ሰው «ዳር ውጣ» ማለት ሙት እንደማለት ነው።

«አንተ ማን ነህና ነው ዳር ውጣ የምትለኝ?»

«እንደርስዎ ወረፋ ጠባቂ ነኛ።»

«ሂድና መኪናህ ውስጥ ተቀመጥ።»

ዞር አለና ለራሱ እንደሚናገር ሰው «ክዳን መክፈት ያቃተው ሰው መንገድ አይዘጋም» አለ። ሰማሁት። እሱም እንድሰማው ብሎ ነው። የኋላ ኮፈኑን ከፍቼ የጎማ መፍቻ ብረቱን መዘዝኩ። ክንድ የሚያህል ከባድ ብረት ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ሰውየውን የመምታት ሐሳብ አልነበረኝም። ብረቱን ያነሣሁት እንድያዝ ነው። ሰዎች ከየአቅጣጫው ሲሮጡ በዓይኔ ጥግ አየሁና ልቤን ሞቅ አለው። ሁለት ጎረምሶች በብብቴ ገቡ፤ አንድ ሸበቶ ሰውዬ ብረት የያዘውን እጄን አንጓው ላይ ጨመደዱት። ተወራጨሁ። «ልቀቁኝ፣ አናቱን ብዬ ልገላገል» አልኩ። ሸበቶው «ተው ወንድሜ፣ በቤንዚን ሰው ይገደላል?» አሉኝ። ሰውየውም የበኩሉን ያደርግ ነበር፤ አንድ ሰው ደረቱ ላይ እጁን ጭኖ ይዞታል፤ እሱ «ይምጣ፣ ተወው ይምጣ» ይላል። ሁሉም በደንቡ እየሄደ ነበር። ሁለት ደቂቃ ብናገኝ ኖሮ ተሳስመን ነበር።

ያኔ ከታች አንድ ሰው «ተጀመረ፣ እየቀዱ ነው» ብሎ ተጣራ።

ያዢዎቼ ለቀቁኝ። እንዲህ ያለ መለቀቅ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ከብብቴ ሥር የነበሩት እጆች አንድ ላይ ወጡ። ሸበቶው አንጓዬን ትተው «በል ፈጣሪ ልብ ይስጥህ» እያሉ ወደ መኪናቸው ሮጡ። ሦስት ቀን ቤንዚን ያላየ ሰው ነው፤ ማንም አይፈረድበትም። የፒካፑ ሹፌር ራሱ ጠቡን ጥሎ ጋቢናው ውስጥ ገባና ሞተሩን አስነሣ። ከላይ እስከ ታች ያለው መኪና ሁሉ ተነሣ፤ ጡሩምባው ቀለጠ። እኔ መንገድ መሐል ብረቱን ከራሴ በላይ እንዳነሣሁ ብቻዬን ቀረሁ።

ማውረድ ነበረብኝ። አሁን ቁጭ ብዬ ስጽፈው ቀላል ነው፤ ክንድህን ታጥፋለህ፣ ብረቱን ታስቀምጣለህ፣ አለቀ። ግን በሃምሳ ዓመቴ አንድም ቀን ያነሣሁትን እጅ ራሴ አውርጄ አላውቅም። የሚያወርዱልኝ ሌሎች ነበሩ። ሳይያዝ ያወረደ ሰው በእኛ ሰፈር ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ ሌሎችን እኔም ብያቸዋለሁ። ስለዚህ ቆሜ ጠበቅሁ። የሚመጣ ሰው አለ ብዬ ወደ ላይም ወደ ታችም አየሁ።

ከመንገዱ ማዶ ግንብ ተደግፎ የቆመ ሎተሪ አዟሪ ነበር። ትልቅ ሰው ነው፤ የፒያሳ ልጅ መሆኑ ከአቋቋሙ ያስታውቃል። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«ጋሼ፣ ያዢ ጠፋ እንዴ? እኔ ልያዝዎት?»

አጠገቡ የነበሩት ሳቁ። አንዲት ቆሎ ሻጭ ሴትዮ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

ዓይኔ ጠቆረ። ሰውየው መኪናው ውስጥ ገብቷል፤ የምመታው የለም። ያን ሁሉ ውርደት ያመጣብኝ ያ ክዳን ነው አልኩ በልቤ፤ ወደ መኪናዬ ዞርኩ። ወንድሜ ጀርባውን ሰጥቶኝ እንደተንበረከከ ነው። ጠቡን ሁሉ ሰምቷል፤ ዞር ብሎ ግን አላየም። እኔንም ገላጋይንም ያውቃል፤ እንደያዙኝ እርግጠኛ ነበር። «መጣ» ይላል ለራሱ። «መጣልኝ፣ አንዴ፣ አንዴ ብቻ…» ሰምቼዋለሁ። ጣቶቹ ክዳኑ ላይ እንዳሉም አይቻለሁ። አላየሁም ብል ውሸት ነው። ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄ አውቃለሁ፤ «ተነሥ» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር መሰለኝ። አላልኩትም። ብረቱን ባለኝ ኃይል አወረድኩት።

ድምፁ ብረት ብረትን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ አልነበረም።

ወንድሜ አልጮኸም። እጁን ወደ ሆዱ ሰብስቦ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለና ጣቶቹን አያቸው። የቀኝ እጁ ሌባ ጣትና የመሐል ጣቱ ወደማይታጠፉበት በኩል ታጥፈዋል። የአንደኛው ጥፍር ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል፤ ደሙ ንጹሑ ሸሚዝ ላይ ይወርዳል። ከንፈሩ ነጣ። ቀና ብሎ አየኝና «ሰኞ እኮ ነው» አለኝ።

መጀመሪያ የደረሰው ያ የፒካፑ ሹፌር ነው። ተራው እያለፈው መኪናውን ትቶ ወረደ። ከአንገቱ ሻርፑን ፈትቶ የወንድሜን እጅ ጠቀለለ፣ በብብቱ ይዞ አነሣውና የእኔ መኪና ጋቢና ውስጥ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። «ጋሼ፣ አሁን ብረቱን ያስቀምጡት» አለኝ። ያኔ ነው እስካሁን እንደያዝኩት ያወቅሁት።

ወረንጦው መሬት ላይ ወድቋል። ሳነሣው የቁልፉ ስባሪ አፉ ውስጥ ነበር። ወንድሜ አውጥቶት ነበር። ክዳኑን ስነካው ያለምንም ቁልፍ ዞሮ ተከፈተ፤ ቁልፉ የተሰበረው ዞሮ ከለቀቀ በኋላ ነበርና ሰቅዞ የያዘው ስባሪው ብቻ ነበር።

የሚቀጥለውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሞልቼ ነው የሄድኩት። ሰልፍ አስተናባሪው «ና፣ ግባ፣ ግባ» ሲለኝ መኪናዋን እየገፉ አስገቡኝ፤ ቤንዚን ስለሌላት አልነሣ ብላ ነበር። ያለ ቤንዚን ሐኪም ቤት አንደርስም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ለመድረስ ግን ትንሽ ይበቃ ነበር። ቀጂው «ሙሉ?» ሲለኝ «ሙሉ» አልኩት። ወንድሜ በመስኮቱ በኩል ያየኝ ነበር፤ ሻርፑ ቀይ ሆኗል። የመቅጃው ቁጥር ሮጦ እስኪቆም ጠበቅሁ።

ሐኪም ቤት ጄሶ አደረጉለት። ለሚስቱ የመኪና በር ተዘጋብኝ አላት። ሰኞ ጠዋት በዚያው ጄሶ ወርቅ ቤት ልሂድ አለ፤ እኔው አደረስኩት። በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። የወርቅ ቤቱ ባለቤት ደግ ሰው ናቸው፤ አዘኑለት። «እግዜር ይማርህ። ሲሻልህ ብቅ በል» አሉት። ሁለቱ ሌሎች ሠራተኞች መሣሪያቸውን ዘርግተው ተቀምጠው ነበር። አንደኛው ቀና ብሎ የወንድሜን እጅ አየና ቶሎ ብሎ ዓይኑን መለሰ። መኪናው ውስጥ ሲገባ ወንድሜ «በል እንሂድ» ብቻ ነው ያለኝ። በዚያው ሳምንት አንዱን ቀጠሩት።

ውሸቱ አልቆየም፤ ፒያሳ ወሬ ይሮጣል። ሚስቱ ስትሰማ ቤቴ በር ላይ መጥታ ጎረቤት እየሰማ ሰደበችኝ፤ በጥፊም መታችኝ። ማንም አልያዛትም፤ እኔም እጄን አላነሣሁም። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ ለመንኩ። ወንድሜ «ይቅር ብያለሁ፤ ወንድሜ ነው» አለና በግራ እጁ አቅፎ ሳመኝ። ሽማግሌዎቹ ተደሰቱ። እኔም አለቀ ብዬ ነበር።

ጄሶው ሲፈታ ጣቶቹ አልታጠፍ አሉ። ሙሉውን አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ የመሐል ጣቱ እስከዛሬ አልታጠፈም። ሌባ ጣቱ ግማሽ መንገድ ይሄድና ይቆማል። ወረንጦ ይይዛል፤ ግን ጫፉ ይንቀጠቀጥበታል። አሁን ስድስት ኪሎ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሮ የተማሪ ወረቀት ያባዛል። መሣሪያዎቹን ሸጧቸዋል። ለማን እንደሸጣቸው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ይህ ከመሆኑ በፊት ግን፣ ተስፋ ገና ሳለ፣ ወጌሻ ጋ ወስጄው ነበር። ጠባብ ክፍል ናት፤ ተራ የሚጠብቁ አምስት ስድስት ሰዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ወጌሻው ሽማግሌ ናቸው። የወንድሜን ጣቶች በቅቤ እያሹ ዓይናቸውን ጨፍነው ዳበሱ።

«ተጣብቋል» አሉ። «ዛሬ ማላቀቅ አለብኝ። ክፉኛ ያማል። እጁን ከነጠቀኝ ይበላሻል፤ ጠንካራ ሰው ከኋላ አጥብቆ ይያዝልኝ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ወንድሙ አይደለህ? ና፣ እቀፈው።»

ተነሣሁ። ከኋላው ሄጄ ሁለት እጄን ትከሻው ላይ ሳሳርፍ መላ ሰውነቱ ተኮማተረ። በሽማግሌ ፊት ይቅር ያለኝ፣ ለሚስቱ የዋሸልኝ ወንድሜ፣ አንገቱን ወደ ጉልበቱ ቀበረ።

«አባባ» አላቸው ወጌሻውን፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «እሱ አይያዘኝ።»

በቁጣ አላለውም። ቢቆጣ ኖሮ የምመልሰው አይጠፋኝም ነበር። የፈራ ሰው ድምፅ ነው። እጄን ከትከሻው ላይ አነሣሁ። አግዳሚው ላይ ተራ ይጠብቅ የነበረ፣ ስሙን የማናውቀው፣ የቀን ሠራተኛ የሚመስል ሰው ተነሥቶ በእኔ ቦታ ቆመና ከኋላ አቀፈው። ወጌሻው ጣቱን ሳቡት። ወንድሜ ራሱን የዚያ የማያውቀው ሰው ደረት ላይ ጥሎ ጮኸ።